የሌሊት ሰማይን ፎቶ ማንሳት፦ ከድሬና ከሐረር ለሚጀምሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚልኪ ዌይን፣ ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ እንደ ጭስ የሚታየውን የኮከቦች መንገድ፣ ከድሬ በስተደቡብ ካለው ከፍታ ከደንገጎ አንስቼ ለጓደኞቼ ካሳየሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ደግሞ ተመሳሳይ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩት። ሙያዬ ፎቶ አይደለም። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ዘመዶቼ ሐረር ናቸው፣ በሁለቱ መሀል ስመላለስ ነው ሰማዩ የያዘኝ። ሰዓቱንም ወሩንም የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ስልኬ ይበቃል ወይስ ካሜራ ልግዛ?

ለመጀመር ይበቃል። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱና «ፕሮ» የሚል ነገር ፈልጉ። እዚያ ውስጥ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 10፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ ድረስ የሚሄድ ከሆነ ስልካችሁ ኮከብ ያነሳል። አይፎን ከ11 ጀምሮ ናይት ሞድ አለው፤ ስልኩ ፍጹም ሳይንቀሳቀስ ከቆመና ቦታው ከጨለመ ራሱ ጊዜውን እስከ 30 ሰከንድ ያረዝመዋል። ጉግል ፒክስል ከ4 ጀምሮ ለኮከብ ብቻ የተሠራ አሠራር አለው፣ ብዙ ፎቶ አንስቶ ራሱ ያዋህዳቸዋል። ይሄ ሁሉ የሌለው ስልክ ያላችሁም አትቀመጡ፤ ጨረቃንና ልክ ጀምበር ስትጠልቅ ያለውን ሰማይ ማንሳት ትችላላችሁ።

ከስልኩ ዓይነት የሚበልጠው አለመንቀሳቀሱ ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሙሉና ስልኩን እላዩ ላይ አስደግፉት። አሸዋ ድሬ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ በላይ የት ይገኛል! እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር የሠራሁት እንዲህ ነው፣ አሁንም ካልሲው ከቦርሳዬ አይወጣም። ደግሞ በጣት ስትጫኑት ስልኩ ስለሚነቃነቅ ታይመሩን 2 ወይም 5 ሰከንድ ላይ አድርጉት።

ካሜራ መግዛት የምትፈልጉ ግን መጀመሪያ በስልክ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ውጡ። ከዚያም ካማራችሁ ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ከነ 18-55 ሚሊሜትር ሌንሱ በቂ ነው። ቀጥሎ የሚገዛው ሌላ ካሜራ ሳይሆን ሌንስ ነው። 50 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 1.8 የሆነው ርካሽ ነው፣ ብርሃን ግን በደንብ ይሰበስባል።

ሴቲንጉ ምን ላይ ይሁን?

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉት። አፐርቸሩን ሌንሱ የሚችለውን ያህል ክፈቱት፣ በ18-55 ከሆነ 18 ላይ 3.5 ማለት ነው። አይኤስኦ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ማለት ነው፣ 1600 ወይም 3200። ሹተር 15 ሰከንድ። የሚቀመጠው ፎቶ ራው፣ ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል እንዳለ የሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ይሁን፤ ጄፔግ ብቻ ካደረጋችሁት በኋላ ስታስተካክሉ የምትጠቀሙበት ነገር አይኖራችሁም። ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) 4000 ኬልቪን አካባቢ አድርጉና እዚያው ተዉት። ፍላሽ ይጥፋ።

በስልክም ያው ነው፦ አይኤስኦ 1600፣ 15 ሰከንድ፣ ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ። ዙም አታድርጉ። ሰፊውን ሌንስ መርጠው የሚያዝኑ አይቻለሁ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ሰፊው ሌንስ የሚሰበስበው ብርሃን ከዋናው ያነሰ ነው።

ኮከቦቹ ለምን እንደ ሰረዝ ተዘርግተው ይወጣሉ?

ምድር ስለምትዞር ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል፣ ሹተሩ ክፍት ሆኖ ከቆየ ኮከቡ ፎቶው ላይ መንገዱን ይጽፋል። የተለመደች ሒሳብ አለች፦ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል። ሴንሰሩ፣ ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ትንሽ ከሆነ፣ ብዙ ሰው የያዘው ካሜራ እንደዚያ ነው፣ ያገኛችሁትን እንደገና ለ1.5 አካፍሉ። በ18 ሚሊሜትር 18 ሰከንድ ገደማ ይመጣል፣ በ50 ደግሞ 6 ወይም 7 ሰከንድ።

እኛ ጋ ግን ከዚህም ትንሽ ቀንሱ። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የራቅነው፣ ስለዚህ የሰማዩ ወገብ በአናታችን አቅራቢያ ያልፋል። እዚያ ያሉት ኮከቦች ደግሞ ከሁሉም በላይ በፍጥነት ፎቶውን የሚያቋርጡት ናቸው። አናት ላይ ያለውን ስታነሱ 12 ወይም 13 ሰከንድ ሞክሩ፣ ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ ኮከቧ ክብ መሆኗን እዩ።

ሁሉም ፎቶዬ ብዥ ይላል፣ ፎከሱ ምን ሆኖ ነው?

ይሄ ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ካሜራ በጨለማ ራሱን ችሎ ፎከስ ማድረግ አይችልም። ኤም ኤፍ የሚለው ላይ አድርጉት፣ ፎከሱን በእጅ ማድረግ ማለት ነው። ሌንሱ ላይ የተጋደመች 8 የመሰለች፣ «እጅግ ሩቅ» ማለት የሆነች ምልክት ካለች እሷን አትመኗት፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ሌሊት ደንገጎ ላይ በርዶኝ ያነሳሁት ሁሉ የጠፋው በዚች ምልክት ነው፣ ያወቅኩትም ቤት ደርሼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነበር።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ላይቭ ቪውን፣ ሌንሱ የሚያየውን ስክሪኑ ላይ በቀጥታ የሚያሳየውን፣ አብሩ። ሰማዩ ላይ ካሉት ሁሉ ደማቋን ኮከብ፣ ጁፒተር ካለም ጁፒተርን፣ መሀል አስገቡ። ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉሉት። አሁን ቀለበቱን በጣም በዝግታ አዙሩ፦ ኮከቧ ታንሳለች፣ ታንሳለች፣ ከዚያ ተመልሳ መተለቅ ትጀምራለች። ትንሽ የሆነችበት ቦታ ነው ፎከሱ። ኮከብ አልታይ ካለ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ተጠቀሙ፣ ከደንገጎ የድሬ መብራት ለዚህ ይመቻል። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር እሰሩት። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና አረጋግጡ።

ስልክ ላይ ከሆነ በፕሮ ውስጥ ፎከሱን ወደ ተራራዋ ምልክት እስከ መጨረሻው ውሰዱት። አንዳንዱ ስልክ ላይ ከመጨረሻው ትንሽ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

የትኛው ቀን ነው የሚሻለው?

ከሁሉ በፊት ጨረቃን እዩ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ሚልኪ ዌይን ለማንሳት አትድከሙ። ለዚህ አፕሊኬሽን ማውረድ እንኳን አያስፈልግም፣ እዚህ አገር የሒጅራውን ወር ቀን የማያውቅ ቤት የለም። የሒጅራ ወር የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ነው። ስለዚህ የወሩ የመጨረሻ ቀናትና የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ቀናት ጨለማ ናቸው። 14 እና 15 ላይ ሰማዩ ቀን ይመስላል። እኔ ሐረር ያለው አጎቴ ጋ ደውዬ «አጎቴ፣ ዛሬ ጨረቃዋ ስንት ሆነች?» እላለሁ፣ እሱም ለምን እንደምጠይቅ አሁን ስለለመደ ደመና ስለመኖሩም ጨምሮ ይነግረኛል። ከ15 በኋላ ጨረቃ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ 20 ካለፈ የምሽቱ መጀመሪያ ለእናንተ ነው።

ቀጥሎ ወሩ ነው። ሰዎች በፎቶ የሚያውቁት ደማቁ የሚልኪ ዌይ መሀል፣ ፍኖተ ሐሊብ የሚሉትም አሉ፣ በደቡብ በኩል ነው የሚታየው። ግንቦት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ከደቡብ ምሥራቅ ይወጣል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ ሰዓቱ ምቹ ነበር፣ ግን ክረምት ነው። የእኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ እንቅልፍ ማጣትም የለም፤ ልክ ሲጨልም፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሚልኪ ዌይ በደቡብ ምዕራብ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ራት ሳይቀዘቅዝ ቤት ትደርሳላችሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ያ ደማቅ መሀል የለም፣ ግን ሰማዩ ከሁሉ ጊዜ የጠራ ነው፣ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብም አናት ላይ ይቆማል። ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ደግሞ ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ አለ። ጨረቃ ከሌለች ካሜራውን ሰፊ ሌንስ ላይ አድርጋችሁ ተከታታይ ፎቶ እንዲያነሳ ትታችሁት ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ተጋደሙ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚበዛው።

የስልክ አፕሊኬሽኖች ሰዓት የሚናገሩት በፈረንጅ ነው። 20:00 ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በዚህ የተነሳ 6 ሰዓት ዘግይቶ የወጣ ጓደኛ አለኝ።

የት ልሂድ?

ዋናው ነገር ከተማውን ከጀርባ ማድረግ ነው። ደማቁ የሚልኪ ዌይ ክፍል ደቡብ ነው ብለናል። ከድሬ ወጥታችሁ በሰሜን በኩል፣ በሽኒሌ አቅጣጫ ሜዳው ላይ ብትቆሙና ወደ ደቡብ ብትዞሩ የከተማው መብራት ፊት ለፊታችሁ ይሆናል፣ ፎቶው ብርቱካናማ ሆኖ ይበላሻል። ወደ ደንገጎ ከወጣችሁ ግን ድሬ በስተሰሜን ከታች ትቀራለች፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ወደ ደቡብ ታነሳላችሁ። ሰሜኑን ለማንሳት ስትፈልጉ ደግሞ በተቃራኒው ሜዳው ይሻላል።

ሐረር ላይ ጁገል ውስጥ መብራት አለ፣ ሰማዩ በጠባቡ መንገድ መሀል እንደ ሪባን ነው የሚታየው። እሱም ያምራል፣ በተለይ በጨረቃ ኖራ የተቀባውን ግድግዳና ጥቂት ደማቅ ኮከቦችን አንድ ላይ ስታገኙ። ለጨለማ ግን ከከተማው መውጣት ያስፈልጋል። በጅጅጋ መንገድ ባቢሌን አልፎ ዳከታ ላይ ያሉት አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙት ድንጋዮች ለኮከብ ፎቶ የተሠሩ ይመስላሉ። እዚያ ግን በሌሊት ያለ አካባቢው ሰው አትሂዱ፣ ከቀኑ ሄዳችሁ ነዋሪውን ጠይቁ፣ መንገዱ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነም አጣሩ።

ከከተማ መውጣት የማልችል ከሆነስ?

ጣሪያ ላይ ውጡ። የድሬ ቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አምፖል ፊት ለፊት እንዳይመታችሁ ግድግዳ ወይም የውኃ ታንከር ተከለሉ። ከከተማ ውስጥ ጨረቃን፣ ፕላኔቶችን፣ ኦሪዮንን፣ ሱረያን ማንሳት ይቻላል። ሱረያ የኮከብ ስም መሆኑን የማያውቁ ሱረያዎች አሉ! በዐረብኛ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው የሚታዩት የጥቃቅን ኮከቦች ስም ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ወደ አናት ይደርሳሉ።

መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ እንዳትቀመጡ። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ከገንደ ቆሬ ጣሪያ ላይ ሚልኪ ዌይን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ባትሪያችሁ ሁልጊዜ የተሞላ ይሁን፣ ቦርሳው በር አጠገብ ይቀመጥ።

በሌሊት መውጣት አያስፈራም? ጅቡስ?

ብቻችሁን አትውጡ። ይሄ ምክር ብቻ አይደለም፣ ሕግ አድርጉት። ቢያንስ ሦስት ሁኑ፣ አንዱ ካሜራ የማይነካ ይሁን፣ ሥራው ዙሪያውን ማየት ነው። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ንገሩ። መታወቂያ ያዙ። ገጠር ከሆነ በአቅራቢያው ላለው ቤት ወይም ለቀበሌው ሰው ሰላም በሉና ምን እንደምታደርጉ አስረዱ፤ በጨለማ መብራት የሚያበራ የማይታወቅ ሰው ማንንም ያስደነግጣል። ያነሳችሁትን ስታሳዩአቸው ደግሞ ልጆቹም ሽማግሌዎቹም ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ በኋላ እንግዳ ናችሁ።

የሐረር ጅብ ከሰው ጋር የተላመደ ነው፣ ያ ማለት ግን ሜዳ ላይ የሚያገኛችሁ ጅብ የቤት እንስሳ ነው ማለት አይደለም። ሥጋም ሆነ የምግብ ትራፊ ይዛችሁ አትውጡ፣ መኪናው ወይም ባጃጁ አጠገብ ሁኑ፣ መሬት ላይ ተኝታችሁ አታሸልቡ። የደንገጎ መንገድ ላይ ከጅብ ይልቅ የሚያሰጋው ከባድ መኪና ነው፤ ኩርባ ላይ አትቁሙ፣ ከአስፋልቱ በደንብ ራቁ።

ካሜራውን ወደ አየር ማረፊያ፣ ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላ አታዙሩ። የሚጠይቅ ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ከመጣ በትሕትና ፎቶውን አሳዩት።

ድሬ ላይ ፎቶዬ ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሌንሱ ይጨልማል። ለምን?

የድሬው ሙቀት ነው። ሴንሰር ሲሞቅ ያለ ብርሃንም ምልክት ይፈጥራል፣ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች የሚመጡት ከዚያ ነው። ካሜራውን ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ አታቆዩት፣ ላይቭ ቪውን ፎከስ ካደረጋችሁ በኋላ አጥፉ፣ በፎቶና በፎቶ መሀል ትንሽ አሳርፉት።

የሐረሩ ጤዛ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከድሬ 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። በየ15 ደቂቃው ሌንሱን በባትሪ እዩት። ሙቅ ውኃ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ሌንሱ ሥር አስጠጋለሁ፣ በደንብ ይሠራል። በአፍ እፍ አትበሉበት።

ጨረቃን ሳነሳ ነጭ ክብ ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጨረቃ በፀሐይ የበራች ድንጋይ ናት፣ እንደ ቀን ነው የምትነሳው። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 11፣ ሹተር የሰከንድ አንድ መቶኛ። በስልክ ጨረቃዋን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱት። ጉድጓዶቿ በደንብ የሚታዩት በግማሽ ጨረቃ ነው፣ ጥላ ስለሚኖር።

ያ ሁሉ ቀለም እውነት ነው ወይስ በኮምፒውተር የተቀባ?

እውነት ነው፣ ግን ዓይናችን አያየውም። በጨለማ የምናይበት የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም፣ ካሜራ ግን ለ15 ሰከንድ ብርሃን ያጠራቅማል። ለዚህ ነው በዓይን ጭስ የመሰለው ነገር ፎቶ ላይ ቀለም የሚያወጣው። በርግጥ ከመጠን ያለፈ ወይን ጠጅ የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ሰማያችን እንደዚያ አይደለም።

ማስተካከል ግን ያስፈልጋል። በስልክ ላይትሩም ወይም ስናፕሲድ ይበቃል። ኮምፒውተር ካላችሁ ያንኑ ቦታ 16 ጊዜ አንሱና ሴኳተር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አዋህዷቸው። ኖይዙ፣ ፎቶው ላይ የሚበተነው ሻካራ ነጠብጣብ፣ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ16 ፎቶ የተሠራው ከርካሽ ካሜራ መምጣቱን ሰው አያምንም።

እንደ ክብ የሚዞሩትን የኮከብ መስመሮች እንዴት ነው የሚሠሩት?

30 ሰከንድ ሹተር አድርጋችሁ ሳታቋርጡ 120 ፎቶ ማንሳት ነው፣ አንድ ሰዓት ይሆናል። ስታርስታክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀጥላቸዋል። ነገር ግን ከአውሮፓ ተነስቶ ያያችሁትን ሙሉ ክብ አትጠብቁ። ክቡ የሚዞርባት የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማስ 9 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው የምትርቀው፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ ከላዩ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ የምናገኘው ግማሽ ክብ ነው። በምትኩ ወደ ምሥራቅ ብታዞሩት ኮከቦቹ ቀጥ ብለው እንደ ዝናብ ክር ወደ ላይ ሲወጡ ይመጣል፣ ይሄን ሰሜን ያሉት አያገኙትም።

ሌላም እነሱ የማያገኙት አለ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከፍ ያለ ቦታ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ብታዩ ቢግ ዲፐር የሚባሉትን ሰባት ኮከቦች፣ ዞር ብላችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ ከአድማስ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ኮከቦች በአንድ ጊዜ ታያላችሁ።

ፎከስና ሴቲንጉን ለመድኩ፣ አሁን ምን ላንሳ?

ቡናን አንሱ። በታኅሣሥ 2012 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ባወጣው የስም ዝርዝር ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና ተባለ፣ እሱን የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል። የሐረር ሰው ይሄን ሳያነሳ እንዴት ይቀራል አቦ! በዓይን አይታይም፣ በካሜራ ግን ይመጣል። ፕላኔቱ አይታይም፣ ኮከቡ ብቻ ነው።

50 ሚሊሜትሩን ሌንስ ያዙ፣ አፐርቸር 2፣ አይኤስኦ 3200፣ 5 ሰከንድ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ሰሜን ዙሩና ቀና በሉ፣ ከአድማስ እስከ አናት ካለው ከግማሽ በላይ። ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ አፕሊኬሽን ላይ አልማክና አልጎል የሚባሉትን ሁለት ኮከቦች ፈልጉ። ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አስገቡ፣ በ50 ሚሊሜትር ይገባሉ። አሥር ጊዜ አንሱና አዋህዱ። ከዚያ ስቴላሪየም ላይ ኤችዲ 16175 ብላችሁ ፈልጉ፣ የካታሎግ ስሙ እሱ ነው፣ ዙሪያውን ካሉት ኮከቦች ጋር እያስተያያችሁ ፎቶውን አጉሉት። ከአልማክ ወደ አልጎል መስመር ብታሰምሩ፣ መሀሉ ላይ ያለችው ደብዛዛ ነጥብ ቡና ናት።